የድንጋይ ፍሬን

አባቴ ሲሞት ከተወው ንብረት ለእኔ የደረሱኝ አንዲት ቮልስዋገንና አንድ ድንጋይ ናቸው። ቮልሷ በ1958 ዓ.ም. የተገዛች፣ ቀለሟ ነጭ ይሁን የአቧራ ለመለየት የሚያስቸግር፣ ድምፅዋ ግን ከሩቅ የሚታወቅ አሮጊት ናት። ድንጋዩ የሁለት ጡጫ ያህል የሚሆን፣ አንደኛው ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መኖሪያውም ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ሥር ነበር። ውርሱን ስንከፋፈል ቮልሷ በዝርዝሩ ገባች፤ ድንጋዩን ግን ማንም አልቆጠረውም። ዛሬ ሳስበው ሊቆጠር ይገባ ነበር። የቮልሷ የእጅ ፍሬን እሱ ነበርና።

አዳማን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ለዓመታት እንዴት ተሸፋፍኖ እንደ ቆየ ለመገመት አይቸገርም። ለብዙዎቻችን ዛሬም ናዝሬት የሚለው ስሟ ከአፋችን ያልጠፋው፣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ግን በመንግሥት ወረቀት አዳማ የተባለችው ከተማችን በኮረብቶች ተከብባ እንደ ሰፌድ የተዘረጋች ናት። መኻሏ ሜዳ ነው። የጋሪ ፈረስ ብዙ ሳያለከልክ፣ ባጃጅም ብዙ ሳያጓራ ከዳር እስከ ዳር ይደርስባታል። እዚህ ሜዳ ላይ የሚኖር ባለመኪና የእጅ ፍሬን ለምን እንደ ተሠራ ይረሳል። ሞተር ያጠፋል፣ ማርሽ ያስገባል፣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። መኪናዋም እንደ ጨዋ ፈረስ ባቆማት ቦታ ትጠብቀዋለች።

ዳሩ ግን ሰፌድ ጠርዝ አለው። ወደ አሰላ ስትሄዱ አዋሽ መልካሳ ላይ ወንዙን ትሻገሩና መንገዱ ወደ ዴራ፣ ከዚያም ወደ ኢተያ እያለ ሽቅብ ይጓዛል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ሰባት መቶ ሜትር መውጣት ማለት ነው። አባቴ በዚያ መንገድ ላይ መቆም ሲፈልግ የእጅ ፍሬኑን እስኪበቃው ይስብና፣ እግሩን ከእግር ፍሬኑ ሳያነሣ «ድንጋይ!» ይላል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርሁ። ዘልዬ እወርዳለሁ፤ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር እሸጉጣለሁ፤ «እሺ!» እላለሁ። አባቴ እግሩን የሚያነሣው ያን ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ብረት ያቆምሁት እኔ ነኝና እኮራ ነበር።

ይህ ልማድ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርጎ ወደ ከተማችን በሚገባው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ቀድሞ የሚወርደው ሾፌሩ ሳይሆን ረዳቱ ነው፤ በእጁም ታኮ ይዟል። ቃሉን ከጣልያኖች ነው የወሰድነው፤ የጫማ ታኮ የምንለውም እሱው ነው። ታኮ የሌለው ረዳት ከመንገድ ዳር ድንጋይ ያነሣል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ሌሊት የሚመጣ ሌላ መኪና ያገኘዋል። ይህን ሁላችንም እናማርራለን። እኔም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። የራሴን ድንጋይ ወደ ወንበሩ ሥር ስለምመልስ ራሴን ከጨዋዎቹ እቆጥር ነበር።

አባቴ ካለፈ በኋላ መሪውን እኔ ያዝሁ፤ ድንጋዩን ደግሞ የእህቴ ልጅ ወረሰ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። «ድንጋይ!» ስል ይወርዳል፣ ይሸጉጣል፣ «እሺ!» ይላል። በዓመት አንድ ጊዜ ቦሎ የሚታደስበት ወቅት ሲደርስ ግን እኔም የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ለምርመራ ከመሄዴ በፊት ባለው ምሽት የእጅ ፍሬኑን ካቦ በቁልፍ ወጠር አደርገዋለሁ። በማግሥቱ ፍሬኑ ይይዛል፤ ቦሎው መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ወር ሳይሞላው ፍሬኑ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ምርመራን ግዴታ ያደረገው መኪናችን ዓመቱን ሙሉ ዳገት ላይ እንድትቆም እንጂ ለአንድ ጧት እንድትቆም አልነበረም። እኔ ግን ፍሬኑን የምጠግነው ለመርማሪው ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ አሰላ ስሄድ ነው ነገሩ የመጣው። ዴራን አልፈን ዳገቱን እንደ ተያያዝነው እናቴ ከመንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ ሴቶች አየችና «እስቲ አቁምልኝ» አለች። ዳር ይዤ ቆምሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። ልጁ እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደ፤ ድንጋዩ የለም። ለካ ከሁለት ቀን በፊት መኪናዋን ሳጥብ አውጥቼ ግቢ ውስጥ ትቼዋለሁ። ልጁ አልጠየቀኝም። ወረደና ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ድንጋይ አነሣ፣ ሸጎጠ፣ «እሺ!» አለ።

የእኛ አገር ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ለብሎኬትና ለመንገድ የሚቆፈረው ቀይ ድንጋይ በቀዳዳ የተሞላና ቀላል ነው። ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን አየር ነው። ልጁ ያነሣው ከዚያ ዓይነቱን ነበር። እግሬን ከፍሬኑ እንዳነሣሁ ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ቮልሷ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ልጁ መሸሽ ሲገባው ሥራው የተበላሸበት መሰለውና የቀረውን ስባሪ በእጁ ወደ ጎማው ሥር መልሶ ገፋው። ጩኸቱን ስሰማ የእግር ፍሬኑን ረገጥሁ። ቮልሷ የሄደችው ከአንድ ክንድ አይበልጥም። የልጁን የመኻል ጣት ጫፍ ለመጨፍለቅ ግን በቃ።

ጣቱን በመሐረብ ጠቅልለን ወደ አሰላ ሐኪም ቤት ስንገሠግሥ የምታለቅሰው እናቴ ነበረች። ልጁ አላለቀሰም። ከኋላ ወንበር ሆኖ «አጎቴ፣ እኔ እኮ በደንብ ነው ያደረግሁት። ድንጋዩ ነው የከዳኝ» አለኝ።

ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነበር። ይህ ነገር ከጣቱ ይልቅ አንገበገበኝ። ለስንት ዓመት መኪናዬ የእጅ ፍሬን አላት እያልሁ ስነዳ፣ የእጅ ፍሬኑ የሰው ልጅ እጅ ነበር። ቀድሞ የእኔ፣ ኋላ የእሱ።

ቤቴ ተመልሼ ተቀምጬ አሰላሁት። ቮልስዋገን ባዶዋን 760 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሰውና ዕቃ ሲጨመርባት አንድ ቶን ትጠጋለች። በየመቶ ሜትሩ ዐሥር ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ አንድ ቶን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከመቶ ኪሎ ክብደት ጋር እኩል ነው። አንድ ኩንታል ማለት ነው። እኔ አንድ ኩንታል ጤፍ በዚያ ልጅ ጀርባ ላይ ጫን ቢሉኝ የምጭን ሰው አይደለሁም። ከጎማው ሥር እጁን እንዲያስገባ ግን በየዳገቱ አዝዘው ነበር።

በሳምንቱ ከተማው ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። መካኒኩ ሰባ የተጠጉ፣ ከቮልስ ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ካቦውን አጥብቀው ይወጥሩልኝ» አልኋቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ ብለው ሳቡና ድምፁን ቆጠሩ። ዐሥራ አንድ።

«ማነው እስካሁን ሲወጥረው የነበረ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሱታ፣ ወንድሜ፣ ሱታ» አሉ በኦሮምኛ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ካቦ መወጠር ቀበቶ ማጥበቅ ነው። የራበውን ሆድ አያጠግብም። መጀመሪያ ሆዱን እንየው።»

ሆዱ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። የእግር ፍሬን በዘይት ግፊት አራቱንም ጎማ ይይዛል። የእጅ ፍሬን ግን ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ዘይቱ ቢፈስ እንኳ እንዲሠራ ተብሎ በሽቦ ብቻ የተሠራ ነው። በቮልስ ላይ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ካለው መያዣ ሁለት ካቦዎች ይነሡና በወለሉ ውስጥ አልፈው አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የኋላ ጎማ ይሄዳሉ። ከጎማው ጋር የሚዞር ታምቡር የሚባል ክብ ብረት አለ። ካቦው በውስጡ ያለችውን ማንሻ ይስባል፤ ማንሻዋ ሸራ የተለጠፈባቸውን ሁለት ማጭድ መሰል ብረቶች ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ አንቆ ይይዛል። ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ቮልሶችማ የእግር ፍሬናቸውም በካቦ ነበር የሚሠራው። በዚያን ዘመን ሾፌር ካቦውን ካልተንከባከበ ሁለቱንም ፍሬን ያጣ ነበር።

መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን በእንጨት ታኮ አስደገፉ። ቀጥሎ የኋላውን ጎማ መኻል የያዘውን ትልቅ ዳዶ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች በ36 ቁጥር ቁልፍ ያዙ፤ በቁልፉ ጫፍ ረጅም ቱቦ ሰክተው ሁለት ወጣቶች ተንጠለጠሉበት። ይህ ዳዶ ሲታሠር አንድ ሜትር በሚረዝም ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። በክሪክ ከተነሣች በኋላ ይህን ቢታገሉ መኪናዋ ልትወድቅ ትችላለች። ዳዶው ሲላላ አነሧት፣ ጎማውንና ታምቡሩን አወጡ። አንደኛው ወጣት አቧራውን በኮምፕሬሰር ሊነፋ ሲል በቁጣ ከለከሉት። የድሮ የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ ይሠራ ስለነበር አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አስጠረጉት።

ያየሁት ነገር አሳፈረኝ። የግራው ሸራ ከማርሽ ሳጥኑ በአክሱሉ በኩል እየሾለከ በወጣ ዘይት ርሶ ጠቁሯል። የዘይት ማገጃው ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የቀኙ ሸራ ደረቅ ነው፤ ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። «ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ካቦውን ያለ ልክ በወጠርሁ ቁጥር ማንሻዋ ወደ ቦታዋ መመለስ አቅቷት ሸራው ሜዳ ላይ ጭምር ታምቡሩን ሲያሻሽ ኖሯል፤ በግለቱም ፊቱ ለስልሶ መያዝ ተስኖታል። ለቦሎ ብዬ አንድ ጧት የገዛሁት ፍሬን፣ የዳገቱን ፍሬን ዓመቱን ሙሉ ሲበላው ነበር።

ካቦዎቹን መዝዘው ሲያወጡ የግራው ከወለሉ ቱቦ ውስጥ ዝጎ ግማሹ ሽቦ ተበጥሷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንዱ ክር ሲበጠስ ማንም አይሰማም፤ ሁለተኛውም ሲበጠስ አይሰማም። የመጨረሻው ሲበጠስ ግን ሰው ሁሉ ይሰማል።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ቅደም ተከተሉን እዚህ ላይ የማሰፍረው አሮጌ መኪና ያለው አንባቢ እንዲጠቀምበት ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ተዘጋ፤ በሁለቱም በኩል አዲስ ማገጃ ገባ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ አይድንም፤ ስለዚህ በግራም በቀኝም አዲስ ሸራ ተለጠፈ፤ አንዱን ብቻ መለወጥ መኪናዋን ወደ አንድ ወገን እንድትስብ ያደርጋል። የላሉት ሞላዎች ተለወጡ። ሁለቱም ካቦዎች አዲስ ሆኑ፤ ከመግባታቸው በፊት ግራሶ ተቀቡ። ታምቡሩ ተመልሶ ዳዶው ከታሠረ በኋላ በታምቡሩ ፊት ላይ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ ተሰዶ ጥርስ ያላት ማስተካከያ ተዞረች፤ ጎማው አልዞርም እስኪል ተጠጋ፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ተመለሰ። የእግር ፍሬኑ ደጋግሞ ተረገጠ፤ ሸራዎቹ መኻላቸውን እንዲይዙ። ካቦው የተወጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። እኔ የምጀምርበት ቦታ እሳቸው የሚጨርሱበት ነበር።

ልኩም እንዲህ ነው። መያዣው ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲል ጎማዎቹን በእጅ በጭንቅ ማዞር መቻል አለበት፤ አራት ጊዜ ጠቅ ሲል ሁለቱም እኩል መቆለፍ አለባቸው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ከሆነ አንድ ነገር ተበልቷል ማለት ነው።

ጋራዡ ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት «ለምን ከኋላ በዲስክ አትቀይሩትም? ማሻሻል እሱ ነው» ብሎ ነበር። ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ዲስክ ለእግር ፍሬን መልካም ነው፤ ለእጅ ፍሬን ግን ለዚሁ የታሰበ መያዣ ከሌለው ከታምቡር የባሰ ሊደክም ይችላል አሉት። «ፋብሪካው የሰጣትን አሥር ዓመት ከልክላችኋት፣ ያልሰጣትን ታመጡላታላችሁ? ማሻሻል ማለት መጀመሪያ የነበራትን መመለስ ነው።»

ለመፈተን ከሞጆ በአሮጌው መንገድ ሲመጡ ወደ አዳማ ወደሚያስገባው ቁልቁለት ወጣን። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ቆምሁ፤ አራት ጠቅታ ሳብሁ፤ እግሬን አነሣሁ። ዝም። አዙሬ ወደ ታች አቆምኋት። አራት ጠቅታ። ዝም። የከተማው ጣሪያ ሁሉ ከፊታችን ያብረቀርቃል። ለስንት ዓመት ከዚህች መኪና ጋር ስኖር በቁልቁለት ላይ ተቀምጬ ከተማዬን ማየቴ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ዓይኔ ወይ በመስታወቱ ጎማውን ይፈልግ ነበር፣ ወይ ልጁን።

እንግዲህ የአሮጌ መኪና ነገር ገና ብዙ ዘመን አብሮን ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ገንዘብ ያለው ፍሬኑን በቁልፍ ነክቶ የሚቆልፍ የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛል። የቀረነው በአባቶቻችን መኪና እንነዳለን። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ። ሌላ አይመጣም። ያለችንን እንድትሄድ ለማድረግ አናንስም፤ ሞተር ደክሟል ሲባል ከጎረቤት እንበደራለን። እንድትቆም ለማድረግ ሲሆን ግን «ማርሽ አስገባባት፣ ድንጋይ አድርግባት» እንላለን። ያረጀ ሞተር ግን በማርሽ ብቻ አይታመንም፤ ግፊቱ ሲደክም ቀስ እያለ ይዞርና መኪናዋን ይለቃታል። መኪና ባትሄድ የሚጎዳው ባለቤቷ ነው። ባትቆም የሚጎዳው ግን ከኋላዋ ያለ ሰው ነው። ለዚህ ይሆን እንዴ የማንቸኩለው?

ዛሬ መኪናዋ ውስጥ የእንጨት ታኮ አለ፤ እንደ ሽብልቅ የተጠረበ፣ ገመድ የታሠረበት። እጅ ወደ ጎማ ሳይጠጋ በእግር ይገፋል፣ በገመድ ይሳባል። ዳገት ላይ ስቆም አራት ጠቅታ እስባለሁ፤ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገባለሁ፤ የፊት ጎማውንም ወደ መንገዱ ጠርዝ አዞራለሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ግቢያችን ውስጥ የበር ማስደገፊያ ሆኗል።

ባለፈው ሰሞን ከልጁ ጋር እንደገና በዚያው መንገድ ሄድን። ዴራን አልፈን እዚያው ዳገት ላይ ቆምሁ። እጁ ወዲያው ወደ በሩ ሄደ። የጣቱ ጥፍር በቅሏል፤ ግን ጠማማ ነው፤ ጠማማ ሆኖም ይቀራል ብለውናል።

«ተቀመጥ» አልሁት።

የእጅ ፍሬኑን ስስብ በከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እግሬን አነሣሁ። ቮልሷ አልተነቃነቀችም። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ መስታወቱ ተመለከተ፤ ከዚያ በሩን ከፈተና ወረደ። ሥራውን የነጠቅሁት መስሎት ተከፍቶ እንደሆነ ጠረጠርሁ። ግን ወደ ጎማው አልሄደም። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ታች ሄደና አንድ ከባድ መኪና ጥሎት የሄደውን ድንጋይ ከአስፋልቱ መኻል በእግሩ እየገፋ ወደ ቦዩ ከተተው። ከዚያ እጁን አራግፎ ተመለሰ።